የታጠፉ ወንበሮች

ሰፈሩ «እትዬ ድንኳን» ይላታል፤ ድንኳንና ተጣጣፊ ወንበር ታከራያለችና። የሚድርም የሚቀብርም እሷው ዘንድ ነው የሚመጣው። ወገቧን ካመማት ወዲህ ደግሞ በዚያ በከተማ ዳር ሰፈር አንድ ልማድ ተተክሏል፤ ከድንኳኗ የሚወጣ ሰው የተቀመጠበትን ወንበር ራሱ አጥፎ ምሰሶው ሥር ያስደግፋል። ሙሽራም ቢሆን።

ወደ ዳር የመጣችው ወዳ አይደለም። ባሏ በሞተ በወሩ ታላቅ ወንድሙ መሀል ከተማ ያለውን ቤት «የአባቴ ነው» ብሎ ቁልፉን ለወጠባት። ዕቃዋ ዝናብ ላይ ወጣ፤ ሁለቱ ሴት ልጆቿ እርጥብ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። የት እንግባ ብትለው፣ ዳር አገር መሬት ሞልቷል፣ ከቀበሮ ጋር ኑሩ አላት። ያን ቃል ዋጠችው እንጂ አልተፈጨላትም።

ልጆቹ አድገው ተዳሩ። የባሏ ወንድምም የፓርቲ እጩ ሆነ። ፓርቲው ባለፈው ምርጫ መሀል ከተማውን ጠርጎ ወስዶ በዳር ሰፈሮች ተዋርዶ ነበርና አለቆቹ ዘዴ ፈጠሩ፤ ስለ መንገድና ስለ አውቶቡስ ይወራ፣ ከሁሉ በላይ ግን እጩው ሁሉ እዚያ የሚኖር ዘመድ ፈልጎ በዘመዱ በር ይግባ። የዘመድ ፊት ከመቶ ፖስተር ይበልጣል ተባለ።

አንድ ቅዳሜ የባሏ ወንድም ጭቃውን እየተጸየፈ ደጇ ቆመ። እህት ዓለም አላት፤ ከዚያ በፊት ብሏት አያውቅም። ሟቹን አነሳ፣ ዓይኑን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ድንኳን ትትከል፣ ሰፈሩን ትጥራ፣ ተነስታም በቤተሰብ አንደበት ታስተዋውቀው።

«ሰው አንቺን ይሰማል አሉኝ።»

«ይሰሙኛል፣ ወንድም ጋሼ።»

«ታዲያ ስለ እኔ የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ።»

«የማውቀውን ብቻ» አለችው ፈገግ ብላ። ቂሟ ያለፈ መሰለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ማን ይንገረው።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ወሬውን ሲሰማ፣ ድንኳኑን ለሱ ከምትተክዪለት እላዩ ላይ ጣይበት አላት። ሳቀች። ምሰሶውን ግን ከወትሮው አጥብቃ ተከለች።

እሁድ ድንኳኑ ጢም አለ። እጩው ከሕዝቡ አንዱ ለመምሰል ተጣጣፊ ወንበር መረጠ፤ ንግግሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። እሷ ተነሳች።

«እኚህ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው» አለች። «ባሌ በሞተ በወሩ ከነልጆቼ ከቤት ሲያስወጡኝ፣ ዳር ሄዳችሁ ከቀበሮ ጋር ኑሩ አሉን። ይኸው ኖርን። ዛሬ ደግሞ ድምፅ ቢቸግራቸው ቀበሮዎቹ ዘንድ መጡ። የማውቀው ይህንኑ ነው።»

ቀድሞ ልብስ ሰፊው ተነሳና ወንበሩን አጥፎ ቀጭ አደረገው። ከዚያ አጠገቡ ያለው፣ ከዚያ የኋላው ረድፍ በሙሉ። ቀጭ፣ ቀጭ። እጩው፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ የመንገዱን ነገር እንኳ ስሙኝ ብሎ ለመነ። አንዲት አሮጊት ወንበራቸውን እያጠፉ፣ «መንገድ ለቀበሮ ምን ያደርግለታል ልጄ» አሉትና ወጡ።

ሁለቱ ቀሩ። «የወንድሜ አጥንት ይፋረድሽ» አላት፣ ሊወጣ እየተነሳ።

«በዚህ ሰፈር የሚነሳ ሰው ወንበሩን ያጥፋል፣ ወንድም ጋሼ።»

ወደ በሩ አየ። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጎንበስ አለ፣ ታገለው፤ ማጠፊያው ጣቱን ነከሰው። እሷ ምሰሶውን ተደግፋ አየችው። አላገዘችውም።