ዳማ ለማን ተጫነች?

ወንድሜን ይማምን በሽታ ገደለው ብሎ የሚያወራ ሰው ይሳሳታል። በሽታ ይዞት ነበር፤ አልክድም። የሞተው ግን የገዛ አባታችን በቅሎ፣ ዳማ፣ ከአጠገቡ ተወስዳ ጉልበቱን ላመመው እንግዳ ስለተሰጠች ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ቢሆንም ይህ ነገር ከእኔ ጋር እንዲቀበር ስለማልፈልግ እጽፈዋለሁ።

ያስጀመረኝ የልጅ ልጄ የሐናን ስልክ ነው። ዘንድሮ እዚህ አሜሪካ፣ ኒው አልባኒ ከምትሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ከሚሉት፣ ቫኬሽን ወስዳ ፔሩ የሚባል አገር ሄዳ መጣች። ኢንካ የሚባሉ የጥንት ሰዎች ተራራ አናት ላይ የሠሩትን ከተማ ለማየት ከአስጎብኚ ጋር ቀናት በእግሯ ተጉዛለች። ፍራንክሊንተን ሰፈር አፓርትመንታችን ውስጥ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቪዲዮውን ታሳየኛለች። እሷና ጓደኞቿ ድንጋይ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ቸኮሌት ይበላሉ። ከኋላቸው ከቁመቱ የሚበልጥ ሸክም ያዘለ፣ እግሩ ላይ እንደኛ አገር የጎማ በርባሶ ያለ ነገር ያደረገ ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

«አቁሚው እስቲ። ይሄ ሰው ስሙ ማነው?» አልኳት።

«ፖርተር ነው፣ አያቴ። ድንኳናችንን የሚሸከምልን።»

«ሥራውን አልጠየቅሁሽም። ስሙን ነው።»

«አይ ዶንት ኖው» አለች።

«ቢታመምስ? እሱን ማን ይሸከመዋል?»

ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገችና አየችኝ። «ኧረ አያቴ! ለመዝናናት እኮ ነው የሄድኩት።»

እውነቷን ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ፈረንጆችም ለመዝናናት ነበር የመጡት።

የንጉሡ ጊዜ ነበር። ከባሌ ተፋትቼ አባቴ ቤት፣ ወሎ፣ የተመለስኩበት ዓመት ነው። አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ጨው በበቅሎ ሲያመላልስ ኖሯል። ካሚዮን መጥቶ ንግዱን ሲወስድበት በቅሎዎቹ ፈረንጅ ወደ ተራራ ማውጣት ያዙ። ታላቅ ወንድሜ ይማም ነበር የሚነዳቸው። ቤት ውስጥ ተኮራምቼ መዋሌን ሲያይ፣ «ነይ ስንቅ ታዘጋጂልናለሽ፤ ነፋስም ይነካሻል» ብሎ ይዞኝ ወጣ።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። የሚሄዱት ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ከጥንት ነገሥታት አንዱ አሠራው የሚባል የግንብ ፍርስራሽ ለማየት ነው። የሚመራቸው ተፈራ የሚባል የከተማ ልጅ ነበር። የፈረንጅ ቋንቋ ያውቃል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም፤ ሁሌም በአፉ አንድ ቃል አለችው። ወንዝ ስንሻገር፣ እሳት ዳር ስንቀመጥ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ «እንግዳ ይቀድማል» ይላል። እኛም ደስ ይለን ነበር። ያደግንበት ነገር ነዋ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብጠላቸው ደስ ባለኝ፤ ግን ወደድኳቸው። በልግ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ምድሩ ይተነፍሳል። የአስታውን ዛፍ ጫካ ስናልፍ ረጅሙ የጅብራ ተክል እንደ ዘብ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ጭላዳ ዝንጀሮው ሣር እየነጨ ዞር ብሎ እንኳ አያየንም። እኛ በሶ በጥብጠን ስንጠጣ እንግዶቹ የቆርቆሮ ዓሣ ይከፍታሉ።

«ዓሣ በገዛ እግሩ ተራራ አይወጣም» ይለኛል ይማም። «እነዚህ ግን ተሸክመው አወጡት።»

ዳማን ሳሻሽ ያየኝ እንደሆነም፣ «ባልሽን ትተሽ መጣሽ፤ እሷን ግን እንዳትተያት። ከባል በቅሎ ይሻላል» እያለ ያስቀኝ ነበር። ከተፋታሁ ወዲህ በነገሩ ያሳቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ይማም ከዚያ ጉዞ በፊት ቆላ ወርዶ ከርሟል። የወባውን ንዳድ ይዞ መምጣቱን ማናችንም አላወቅንም። አቀበቱ መሐል ላይ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ቀጥሎ ጉልበቱ ከዳውና መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ሰማዩ ጠቁሯል። ሌሎቹ ነጂዎች ድንኳኑንና ምግቡን የጫኑትን ከብቶች ይዘው ቀድመው አልፈዋል። እኛ ዘንድ የቀረችው የእንግዶቹን ሣጥን የጫነችው ዳማ ብቻ ናት።

የሲራራ ነጋዴ አንድ ሕግ አለው፤ መንገድ ላይ ሰው ሲታመም ጭነት ይወርዳል። የማንም ጭነት ይሁን፣ ጨው ይሁን ወርቅ፣ እዚያው መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ በሽተኛው ይጫናል። የተቀመጠውን ዕቃ ደግሞ ባለቤቱ እስኪመለስ አላፊ አግዳሚ አይነካውም። አባቴ ለማያውቀው ሰው ብሎ ጨዉን ዝናብ ላይ ሲያራግፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ መጫኛውን ፈታሁት። ሣጥኑን አወረድኩ።

ተፈራ እየሮጠ መጣ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይማምን ላወርደው ነው። ታች ከተማው ውስጥ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር አለ።»

ተፈራ ዞር ብሎ አየ። ከእንግዶቹ ትልቁ ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። «በቅሎዋ እስክንመለስ የኮንትራት ናት» አለኝ። «ሚስተሩ ጉልበቱን አሞታል፣ በእግሩ አይወጣም። ፍርስራሹ ቅርብ ነው። ነገ በዚሁ ስንመለስ ወንድምሽ ይወርዳል። እንግዳ ይቀድማል።»

«እንግዳ የሚቀድመው ቤት ነው! መንገድ ላይ የሚቀድመው በሽተኛ ነው!»

ልጓሙን ያዝኩ። እንግዶቹን ሊጠብቅ አብሮን የወጣው አጃቢ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው። ይማም ከመሬት ላይ ሆኖ፣ «ተይ ዘሃራ፣ ነገ እወርዳለሁ» አለኝ። ሰውዬውን ዳማ ላይ አወጡት። ዳማ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችን። ከዚያ ጭጋጉ ዋጣት።

አዝዬ ላወርደው ሞከርኩ። ከጅብራዎቹ አላለፍኩም፤ እርጥቡ ድንጋይ አዳልጦኝ ሁለታችንም ወደቅን። በብብቱ ይዤ እየጎተትኩ ዋሻ ውስጥ አስገባሁት። በረዶ ወረደ። ውሃ ሲለኝ በረዶውን በነጠላዬ እየሰበሰብኩ አፉ ውስጥ አደረግሁለት። ጩኸቴን የሰማኝ ጭላዳ ብቻ ነው፤ እሱም ጮኾ መለሰልኝ። ይማም ዓይኑን ጨፍኖ በምላሱ ጭ ጭ ይላል፤ ዳማን የሚጠራት እንደዚያ ነበር።

«መጣች?» ይለኛል።

«እየመጣች ነው።»

«ረፍዷል?»

«አልረፈደም፣ ይማምዬ።»

በማግሥቱ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሸክላ ጠርቶ ዋለ። ፀሐይዋ ዋሻው ውስጥ ገብታ እግሩ ጋ ስትደርስ ትንፋሹ ቆመ። ያን ያህል የሚያምር ጠዋት ለምን እንዳስፈለገ እስከዛሬ አልገባኝም።

ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ መጡ። ሰውዬው ዳማ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ነበር። እኔንና የተሸፈነውን ሲያይ ወረደ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ተፈራ ላይ ጮኸበት። ቋንቋውን አላውቀውም። ግን ፊቱን አይቼ ምንም እንዳልተነገረው ገባኝ። ይማምን በራሱ እጅ ዳማ ላይ ጫነልኝና እስከ ታች ድረስ ከጎኗ በእግሩ ወረደ። ለካ መሄድ ይችል ኖሯል።

«ለምን?» አልኩት ተፈራን።

«የአላህ ፈቃድ ነው፣ እህቴ።»

«የአላህን ፈቃድ ተቀብያለሁ። እኔ የጠየቅሁህ ያንተን ነው።»

ጀርባውን ሰጠኝና መንገድ ዳር የቀረውን ሣጥን ለማንሣት ሄደ። ወረዳ ሄጄ ከሰስኩት። ዳኛው «ገደለው?» አለኝ፤ አልገደለውም። «መታው?» አልመታውም። «ታዲያ ምን ልበለው?» ብሎ አሰናበተኝ። ከተማው ድረስ ሄጄ ደጁን አንኳኳሁ፤ ወጥቷል አሉኝ። ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ፣ ሰው ሁሉ ተበተነ፣ እኔም ልጆች ወልጄ አሳድጌ በልጄ በኩል እዚህ ኮሎምበስ መጣሁ።

ባለፈው ዓመት ዎርዝንግተን ሰፈር ለቅሶ ደረስን። ኮቪድ ስለነበር ሁላችንም ማስክ አድርገናል፤ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። በር ላይ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ገለል አለና «እንግዳ ይቀድማል» አለኝ። ድምፁ አላረጀም ነበር። ጠይቄ ተፈራ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ እዚያው ሰፈር ሴት ልጁ ጋ ነው የሚኖረው። ለቅሶ ቤት ክስ አይነሣምና ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ። ሴት ልጄ ስትሰማ፣ «እማዬ፣ ይቅር በይው፣ አርጅቷል» አለችኝ። ይቅርታ እኮ ከመልስ በኋላ ነው የሚመጣው። ያልመለሰን ሰው ምን ብዬ ይቅር እለዋለሁ?

እንዲህ እያልኩ ከረምኩ፤ እስከዚያ ቪዲዮ ድረስ።

«ሐናን፣ የመኪና ቁልፍሽን አንሺ» አልኳት።

«ናው?»

«አሁን።»

ዎርዝንግተን ደርሰን ስናንኳኳ በሩን ተፈራ ራሱ ከፈተ። ልጁ ሥራ ላይ ናት። ኮቪድ ሳንባውን ጎድቶት የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ አለ። «ግቡ፣ እንግዳ...» ብሎ ጀመረና አተኩሮ አየኝ። ቃሉን አልጨረሰውም።

«የይማም እህት» አለ።

የወንድሜ ስም አልጠፋበትም። ይሄን አልጠበቅሁም ነበር።

«ቁጭ በይ፣ እትዬ ዘሃራ።»

«አልቀመጥም። ዳማን ለምን ለፈረንጁ ጫንካት?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ...»

«ዕድሜህን አልጠየቅሁህም።»

«እንጀራዬ ነበር፣ ሥራዬን...»

«እሱንም ያኔ አውቄዋለሁ። ለምን?»

ግድግዳውን ደገፍ አለ። የኦክስጅኑ ማሽን እፍ፣ እፍ ይላል። መጠበቅ እችልበታለሁ።

«ፈረንጁ አንድ ነገር ቢሆን የሚጠይቀኝ ብዙ ነበር» አለ። «አገረ ገዢው፣ ኤምባሲው፣ አሠሪዎቼ። ይማም ቢሞት ግን... ይማምን ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው።»