ፍሪሲዮን የማይረግጥ እግር

አባየ ግራ ጉልበቱን ማጠፍ አይችልም። የእህል ጆንያ ሲያወርድ ክምሩ ተንዶበት ነው። ያኔ የነበረችን ጭነት መኪና ባለ ፍሪሲዮን ነበረች፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር በግራ እግር ፔዳል መርገጥ ትፈልጋለች። ስለዚህ ሸጥናትና አሁን ያለችውን ገዛን። ትንሽ ናት፣ በናፍጣ ትሄዳለች፣ ማርሿን ራሷ ትቀይራለች። አውቶማቲክ። ጎንደር ውስጥ አውቶማቲክ ጭነት መኪና ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃል። "የወይዘሮ ማኪና" ይሏታል። ይበሏት። አባየን ከቤት አውጥታ፣ ከትክል ድንጋይ ገበያ ጤፍና በግ ጭኖ ከተማ የሚገባ ሰው አድርጋ የመለሰችው እሷ ናት።

እኔ ረዳቱ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቱ አልመጣም፤ ቤት ተቀምጠሽ ጥልፍ ጥለፊ አሉኝ። ጥልፍ መቀመጥ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም። ስለዚህ ጆንያ አስጭናለሁ፣ ገመድ አስራለሁ፣ ከደላላ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ መኪናዋ ታመመች። አባየ ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሯ ይጮኻል፣ ጎማዋ ግን አይከተልም፤ እየቆየ፣ እየቆየ፣ ድንገት ደንገጥ ብላ ትነሣለች። አንድ ቀን ጭራሹን አልነሣ አለች። አስጎትተን አዘዞ አንድ ጋራዥ አስገባናት።

መካኒኩ የካምቢዮውን፣ ማለት የማርሽ ሳጥኗን፣ ዘይት በጣቱ ነክቶ አሸተተ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት የጠላ ድፍድፍ መስሏል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ አባየ ዞረ።

"አያ፣ ይኼ ካምቢዮ ለእኛ አገር አልተሠራም። አውጥተን ባለ ፍሪሲዮን እንግጠምላት። ዕቃው እዚሁ ይገኛል፣ ርካሽ ነው። ሸጋ ትሆናለች።"

"ፍሪሲዮኑን ማን ይረግጣል?" አልኩ።

እኔ ጠየቅሁ፣ ለአባየ መለሰ። "ሾፌር ይቅጠሩ።"

"ሾፌሩ እሱ ነው።"

"እንግዲያ ልጅቱ ትንዳት። መንጃ ፈቃድ አላት አሉ።"

መንጃ ፈቃዱማ አለኝ። ይኼን ሲል ልቤ አልዘለለም ብል ውሸት ነው። መሪ መያዝ የማልመኝበት ቀን የለም። ግን አባየን አየሁት። መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ "እህ፣ ይሁን እንግዲህ፣ እሷ ትንዳ" አለ፤ ድምፁ ለእንግዳ ወንበር እንደሚለቅ ሰው ነበረ። ደሜ የፈላው ያን ጊዜ ነው።

መካኒኩ እኮ እግሩን አይቷል። ዱላ ተደግፎ ሲገባ አይቷል፤ ድንጋይ ላይ እንዲቀመጥ ካርቶን ያነጠፈለትም ራሱ ነው። የመኪናዋን መድኃኒት ሲያዝ ግን ያ እግር ከዓለም ጠፋ። አንድ ሰው ለዘላለም ተሳፋሪ ሆኖ ይቅር ማለት ዘይት ቀይር እንደማለት ቀላል ሆነለት። ርካሽ ነው ይላል ደግሞ። ለማን ነው ርካሹ?

ጋራዥ ውስጥ መኪናቸውን እስኪሠራላቸው የሚጠብቁ ሾፌሮች ነበሩ። ሥራ የፈታ ሾፌር ምክር አያልቅበትም። አቀበቱ ነው የገደላት አሉ፤ አውቶማቲክና የጎንደር አቀበት አይስማሙም አሉ። እኔ ግን በየጉዞው ከአባየ ጎን የምቀመጥ ሰው ነኝ። አቀበቱን ስትወጣ ትጎትታለች። የምትጮኸውና የማትሄደው ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር ነው። ይኼን ተናገርሁ።

"ማኪና ቁልቁለት ላይ ያርፋል እንጂ ይታመማል እንዴ?" አለኝ አንዱ ጥርሱን እየፋቀ። "እቱ፣ ይልቅ ፀሐዩ ሳያቃጥልሽ ጥላ ያዢ።"

ጥላውን ትቼ መካኒኩ ፊት ቆምሁ።

"ወንድሜ፣ ካምቢዮው ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ምንድን ነው?"

"ፓምፕ አለው።"

"ፓምፑን የሚያዞረውስ?"

"ሞተሩ ነዋ።"

"ሞተሩ ከጠፋስ?"

"ከጠፋማ ዘይት አይሄድም። ቆማ ምን ሊያደርግላት?"

"ሳትቆም ቢጠፋስ?"

መካኒኩ እጁን እንደገና በጨርቁ ጠረገ። ከኋላው ባለ መፋቂያው ሾፌር መፋቁን አቆመ። ሁሉም ገብቷቸዋል። ምክንያቱም በዚያ መንገድ ላይ ቁልቁለት ሲያገኝ ሞተር የማያጠፋ ሾፌር የለም። ናፍጣ ለመቅዳት ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው ጠብታዋን ይሰስታል። ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፣ ቁልፉን ይመልሳል፣ ከዚያ መኪናው በገዛ ክብደቱ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ ፍሬኑ ደንድኖ፣ መሪው ከብዶ፣ ሰውየው ማርያምን እየጠራ። ባለ ፍሪሲዮን ካምቢዮ ይኼን ይችለዋል፤ ጥርሶቹ ዘይት ውስጥ እንደተነከሩ ነው የሚዞሩት። አውቶማቲኩ ግን ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱም ይቆማል፣ ውስጡ በደረቁ ይዞራል፣ ይቃጠላል። የእኛም በየቁልቁለቱ ስትቃጠል ነው የከረመችው።

ሁሉም አባየን አዩት። አባየ ጫማውን አየ።

"ሁሉም ሰው ያጠፋ የለ እንዴ?" አለ።

በእሱም ተናደድሁ፣ አልደብቅም። በመካኒኩ ግን ይበልጥ ተናደድሁ። ሐኪም እንኳ ሆድ የታመመን ሰው ምን በላህ ብሎ ይጠይቃል። ይኼ ሰው እንዴት ትነዳታለህ ብሎ ሳይጠይቅ ቆርጠህ ጣል አለ። ባለ ፍሪሲዮኑን ቢገጥምልን ኖሮ ደግሞ መኪናዋ ትድን ነበር፤ እሱም አላልኳችሁም ወይ፣ አውቶማቲክ እኮ ለዚህ አገር አይሆንም እያለ እስኪያረጅ ይኖር ነበር።

"እንደዚያም ቢሆን አንዴ ተቃጥላለች" አለ መካኒኩ።

"የተቃጠለው ምኗ ነው?"

"ውስጥ ያሉት ዲስኮች ናቸው።"

"ዲስክ ይቀየራል?"

"መቀየሩን ይቀየራል፣ ግን..."

"ግኑን ተወው።"

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሱም ሳይወድ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ያወራኝ ጀመር። የሚገርመው ይኼው ነው፤ አንዴ ካየኝ በኋላ እጁ መጥፎ አልነበረም። አዲስ ካምቢዮ የማይታሰብ ነበር፤ ዋጋውን ስንሰማ አባየ ስለጠየቀ ብቻ ይቅርታ የሚል ይመስል ነበር። ዲስኮቹን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣን። መካኒኩ ደግሞ ዳገቱም ቢሆን ጭነት ሲበዛ ዘይቱን ያግላልና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ እናድርግላት አለ፤ ጋራዡ አጥር ሥር አረም ከበቀለበት አሮጌ የመንገድ ሥራ ማሽን አንዲት ትንሽ የዘይት ራዲያተር ፈታ። ውስጧን በናፍጣ ያጠብኋት እኔ ነኝ፤ የሚወጣው ጥርት እስኪል ድረስ። መያዣዋን ከተሰበረ የአልጋ ብረት ቆርጠው በየዱት፣ ከዋናው ራዲያተር ፊት ነፋስ የሚመታት ቦታ አሰሯት። መጀመሪያ ሲያስነሧት ቱቦው አመለጠና ቀዩ ዘይት መካኒኩን ከአንገቱ እስከ ቀበቶው አለበሰው። እኔ አልሳቅሁም። ዘይቱን የገዛነው እኛ ነን።

ለሙከራ መካኒኩ በሩን ከፍቶ መሪው ላይ ወጣ።

"ውረድ" አልኩት። "የሚነዳት እሱ ነው፣ የሚሞክራትም እሱ ይሁን።"

አባየ ዱላውን ለእኔ አቀብሎ ወጣ። ከተማውን ዞርንባት፤ ደኅና ነበረች። ከተማ ግን ቁልቁለት አይደለም። በገበያው ቀን ወደ ትክል ድንጋይ ሄድን፤ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ የአባየ ቀኝ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ።

"እጅህን መልስ።"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"መልስ አባየ።"

"ናፍጣው በከንቱ ሲነድ እያየሁ?"

"ይንደድ።"

"ሰልፉን ስለማታውቂው ነው።"

"ጀሪካን ይዤ የምሰለፈው እኔ አይደለሁም እንዴ?"

እጁን መለሰ። ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ እያስያዘ ቀስ ብሎ ወረደ፤ በየኩርባው ናፍጣዋን እየቆጠረ ያቃስታል። መሀል ላይ አንድ ጭነት መኪና ሞተሩን አጥፍቶ እንደ ጥላ አለፈን። ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ አለ።

"አያ፣ ምነው ናፍጣው በዛልህ?"

"ፍሬንህን ጠብቅ አንተ" አለ አባየ። "በኔ ናፍጣ ምን አገባህ።"

ሜዳው ጀመረ። አባየ ነዳጁን ረገጠ። ሞተሯ ሳትጮኽ፣ ሳትደነግጥ፣ ዝም ብላ ጎተተች። ሁለተኛውን ማርሽ ቀየረች፣ ሦስተኛውንም። አባየ አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ፎጣ ፈታ አደረገ።

ስንመለስ ጤፍ ሞልተን አቀበቱን ወጣን። አንድም ቦታ አላንገራገረችም። ከላይ ሜዳው ላይ ስንደርስ፣

"አባየ፣ እስቲ እኔ ልንዳ" አልኩት።

"በዚህ ጭነት? ደግሞ ገና ሳትለምድ?"

"ካምቢዮዋን ያስተረፈላት ማን ሆነና ነው?"

"አንቺ ነሽ። ሸጋ አርገሻል። አሁን ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። ጎንደር እስክንገባ አላናገርሁትም። እሱ እቴ፣ አልጨነቀውም፤ ግራ እግሩን ወደ በሩ ዘርግቶ፣ በቀኙ ብቻ እየረገጠ፣ ለሚያልፈው ሾፌር ሁሉ ጡሩንባ እየነፋ ሰላምታ ይሰጥ ነበር።