የልብስ ሰፊዋ ጸሎት

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ የተቀመጠችው ሴት ልብስ ሰፊ ናት። ሹራቧ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል፤ ሰው ሲያናግራት እጇ ሳታውቀው ደረቷ ላይ መርፌ ይፈልጋል። ውስጥ የተኛው አንድያ ልጇ ነው። ጎረቤቶቿ ከብበዋት፣ «ዛሬውኑ ድኖ ይነሳል፤ አምነናል!» እያሉ ሲጸልዩ አቋረጠቻቸው።

«ተዉ እባካችሁ፣ እግዜርን አትሸንግሉት። ሐኪሙ የነገረኝን እሱም ሰምቷል።»

ከዚያ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ደንበኛ እንደምታናግር ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጸለየች። «ጌታዬ፣ ልጄ እየሞተብኝ ነው። አዝኜብሃለሁ። ግን ካንተ ሌላ ማን አለኝ? የማትተውልኝ ከሆነ፣ እንዳይታፈን አድርግልኝ። እጁን እንደያዝኩት ይሂድ።»

ነርሷ በሩን ከፍታ፣ «እናቴ፣ አሁን ይግቡ» አለቻት። ሴትየዋ ተነሳች፤ መዳፎቿን እፍ እፍ ብላ አሞቀችና ገባች።