አምስተኛዋ ምት

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ በማንኪያ ባንኮኒውን መታ። አምስት ጊዜ። ሦስት፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ሁለት።

ፒያሳ፣ ከሰፈሩ መፍረስ የተረፈው ኬክ ቤት ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። አስተናጋጁ ከልጅነታችን ጀምሮ ያውቀናል።

"አንተ፣ ባንኮኒዬን ልትሰብረው ነው እንዴ? ከበሮህን ቤትህ ምታ!"

"ከበሮ አይደለም፤ የኩባ ምት ነው" አለው ወንድሜ።

"እንግዲያው ኩባ ሄደህ ምታው!"

ወንድሜ ትራምፔት ይነፋል። ሙዚቃም ይደርሳል፤ የላቲን ምት ከጃዝ ጋር ያዋህዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ውቤ በረሃ ይጫወታል። "ይነፋል" ብዬ ጻፍኩ። አላጠፋውም።

አንድ አዲስ ድርሰት ለሁለት ወር ሲታገለው ቆይቶ ነበር። ኖታው ሁሉ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ መጨረሻው ብቻ እምቢ ብሎታል። መጨረሻው የመጣለት ያን ጠዋት፣ እዚያ ባንኮኒ ላይ ነው።

"ሁሉም መሣሪያ ያቆማል" አለኝ። "የሚቀረው ጭብጨባ ብቻ ነው። ምቱ ሁለቴ ይዞራል። በሁለተኛው ዙር ግን አምስተኛዋን እጅ አይመታትም። እሷን ትራምፔት ብቻውን ይነፋታል። በቃ፣ አለቀ። በል አንተ ምታው።"

መታሁ። ሦስተኛዋ ላይ ቸኮልኩ። ሁልጊዜ ሦስተኛዋ ላይ እቸኩላለሁ።

"ምነው፣ ታክሲ አመለጠህ? ጠብቃት እንጂ!"

አራቴ አስመታኝ። ወረቀት አልያዘም ነበር። "ማታ እጽፈዋለሁ፤ እስከዚያ አንተ ጋ ይቀመጥ" አለና እየሳቀ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አምስት ኪሎ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ስለዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

የእድሩ ድንኳን ሳይመሽ ተተከለ። እናቴን ደግፈው አስቀመጧት። እኔ አለቀስኩ፤ ግን ከለቅሶው ሥር አንድ ነገር ፈርቼ ነበር። ምቱ እንዳይጠፋኝ። መጨረሻው ከእኔ በቀር ማንም ጋ የለም። እኔ ደግሞ ኖታ መጻፍ አልችልም። ሙሾም የራሱ ምት አለው፤ አልቃሿ ድምፅዋን ባነሳች ቁጥር የእኔን እየገፋ ያስወጣብኛል። ስለዚህ በጣቴ ጉልበቴን መምታት ጀመርኩ። ሦስት፣ ዝም፣ ሁለት።

አክስቴ እጄን ቀብ አደረገችው። "ወንድምህ ሞቶ ጣትህ ይጨፍራል?"

"እንዳልረሳው ነው፣ እትዬ።"

"ምኑን?"

እሷም ልክ ነበረች፤ ለቅሶ ቤት ሬዲዮ እንኳን አይከፈትም። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩና ቀጠልኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ፣ ፒያኖ የሚጫወተው ጓደኛው መጣ። ኖታውን ከወንድሜ መሳቢያ አውጥቼ ይዤ ነበር። ጓደኛውን ከድንኳኑ ጀርባ፣ የእድሩ አግዳሚዎች የተደረደሩበት ጋ ወሰድኩት።

"መጨረሻውን ነግሮኛል" አልኩት። "እጅህን ስጠኝ።"

መዳፉን ዘረጋልኝ። ድምፅ እንዳይወጣ በአንድ ጣት መዳፉ ላይ መታሁ። ሦስተኛዋ ላይ ቸኮልኩ።

"አይደለም፤ ቸኮልኩ። እንደገና።"

እንደገና መታሁ። አሁን ጠበቅኳት። ሁለተኛው ዙር ላይ አራተኛዋን መትቼ ጣቴን አነሳሁ።

"አንድ ቀረች" አለ።

"እሷን ትራምፔት ነው የሚነፋት።"

መዳፉን እንደዘረጋ "ማን ይነፋታል?" አለኝ።

"የሚነፋ ሰው እስክናገኝ፣ ስትጫወቱ ባዶ ትለፍ። አንተ ግን ወረቀቱ ላይ ጻፋት።"

ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። የኖታውን የመጨረሻ ገጽ አግዳሚው ላይ ዘረጋሁለት። አምስተኛዋን እስኪጽፋት ድረስ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ወንድሜን ለመሸከም ወደ ቤት ገባሁ።