ለልጄ ደብተር የተንበረከክኩበት ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በግንቦት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። ለጸሎት በቆምኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ልጄ ማርታ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ናት። ሰልፍ እንዴት እንደሚነሣ፣ ወጣትና ፖሊስ ሲፋጠጡም ምን እንደሚያበርዳቸው ታጠናለች። ሰዎች የሚነግሯትን በአንድ ደብተር ትጽፋለች። ስማቸውን ለማንም እንደማታሳይ ቃል ገብታላቸዋለች።

ያን ቀን ወጣቶች የታሰረው ጓደኛችን ይፈታ ብለው ወጡ። ፖሊሶች ከታች መንገዱን ዘግተዋል። ከቅዳሴ ስመለስ ማርታን ወጣቶቹ ከበዋት አገኘኋት። ስትጽፍ አይተው የፖሊስ ጆሮ ጠቢ መስላቸዋለች።

«ደብተሩን አምጪ» አላት መሪያቸው።

«አልሰጥም። ያመኑኝ ሰዎች ስም አለበት።»

አንዱ ድንጋይ አነሣ።

በጋሞ ባህል ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ይንበረከካሉ። ያንን አልፎ የሚሄድ የለም። እኔ ሴት ነኝ፤ አድርጌው አላውቅም። ሽማግሌ ለመጥራት ግን ጊዜ አልነበረም። ከቦዩ ዳር ሳር ነጭቼ ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ።

«እማማ፣ ይሄ የሽማግሌ ሥራ ነው። መጀመሪያ ጢም ያብቅሉ» አለኝ አንዱ።

«ጢሜ እስኪበቅል ልጄን ትጨርሷታላችሁ» አልኩት።

ሳቁ። ድንጋይ የያዘው አልሳቀም። ሳሩን አየና ድንጋዩን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

ከኦቾሎ ለገበያ የወረዱ አንድ አዛውንት በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። ከእጄ ሳሩን ከፍለው ወሰዱና አጠገቤ ተንበረከኩ። «እናት ከለመነች እኔ ምን እጨምራለሁ?» አሉ።

መሪው መጥቶ ሁለታችንንም በክንዳችን ይዞ አነሣን። በእኛ ዘንድ እሺ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ማርታ ዞሮ፣ «እንግዲያው ለምን እንደወጣንም ጻፊ» አላት።

መንገድ ዳር ተቀምጠው ነገሯት። አዛውንቱ ሁለት ወጣቶች አስከትለው የፖሊሱን አዛዥ አነጋገሩ። ጓደኛቸው በማግሥቱ ተፈታ።

ዘንድሮ ማርታ ጥናቷን ስታቀርብ እነዚያ ወጣቶች የዶርዜ ጋቢ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት። እኔ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው።

እግዚአብሔር ልጄን ከነቃሏ ስላወጣልኝ አመሰግነዋለሁ። ደብተሩ ዛሬ ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ እኔም ከፍቼው አላውቅም።