ዘይነብ ያስቀረችው ምዕራፍ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ስዊድን፣ ሻርሆልመን በሚባለው ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ስለ ሥራዎቼ ተናግሬ ስወጣ አንዲት ወጣት ተከተለችኝ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሐበሻ ናት፤ በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ ትመልሳለች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ጨርሳ ለደራሲያን ወኪሎች፣ ጽሑፍን ከአሳታሚ ለሚያገናኙት ሰዎች፣ ልትልክ እየተዘጋጀች ነው። እኔስ ያኔ ከመላኬ በፊት ምን እንዳደረግኩ ጠየቀችኝ። ነገሩ ረጅም ነውና አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አልን።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ቀን ሶልና ሆስፒታል የሕሙማን አልጋ አነጥፋለሁ፤ አመሻሽ ላይ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አልቢ ሰፈር በተከራየነው ቤት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እጽፋለሁ። በአራት ዓመት ሦስት መቶ ገጽ ሞላሁ፣ ያውም በስዊድንኛ። ጥሩ መጽሐፍ ስለ መሆኑ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። ያ ልበ ሙሉነት ከየት እንደመጣ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ወኪል ምን እንደሚፈልግ ያስረዱኝ በተማሪነት መጥተው፣ ዶክትሬታቸውን ይዘው እዚሁ የቀሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ አንድ አጭር ደብዳቤ፣ የታሪኩ ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች። ምዕራፎቹንና የደብዳቤዬን ረቂቅ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ደብዳቤሽ ይለማመጣል። ምጽዋት ነው የምትጠይቂው?»

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቀና ብለሽ ጻፊ። ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻውን ያስከብርሻል።»

ደብዳቤው በአንድ ቀን ተቃና። አንዷ ገጽ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። ጌጡ ሁሉ ሲራገፍ የቀረው አጥንቱ ነው፤ አንዲት የወሎ ሴት ያለ ፈቃዷ ተዳረች፣ ታናሽ ወንድሟ ቤተሰቡን ዋሽቶ አስመለጣት፣ በሱዳን በኩል ስዊድን ገባች። አንብቤው ደነገጥኩ። መሪማ ብዬ ስም ሰጠኋት እንጂ፣ ያቺ ሴት የቤት ተጋሪዬ ዘይነብ ነበረች። በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ ደብቄያታለሁ ብዬ ነበር፤ በአንድ ገጽ ላይ ግን መደበቂያ አልነበራትም።

ዘይነብ የደሴ ልጅ ናት፤ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን ትንከባከብ ነበር። ያሳለፈችውን የነገረችኝ ከሕንፃው ሥር ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ስንጠብቅ ነው። እጽፈዋለሁ ብዬ ግን አልነገርኳትም።

ወሩ ረመዳን ነበር። በዚያ ብርድ ቀኑ ሳይነጋ ስለሚመሽ «እዚህ አገር ጾሙም ግማሽ ቀን ነው» እያለች ትቀልድ ነበር። በተምር አፍጥራ፣ ሾርባዋን ጠጥታ፣ ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ስታቀርብልኝ አንዷን ገጽና ምዕራፎቹን አወጣሁ። በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ሳምቡሳው ቀዘቀዘ።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች።

«ነሽ።»

«አውቶቡስ ላይ አለቀሰች ይላል። መች አለቀስኩ? ስድስት ብርቱካን ነው የበላሁት። ስድስቱንም፣ ለማንም ሳላካፍል!» ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «የወንድሜን ነገር ግን አውጪው። ባሌ የነበረው ሰው ዘመዶች የወንድሜ ጎረቤቶች ናቸው። ማን እንዳስመለጠኝ እስከ ዛሬ አያውቁም።»

«በስዊድንኛ እኮ ነው፣ ዘይኑ። ደሴ ላይ ማን ያነበዋል?»

«እንዲነበብ አይደል እንዴ የጻፍሽው?»

«የወንድምሽ ታሪክ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ፣ የመጽሐፉ አከርካሪ ነው» አልኩ።

«ወንድሜም አከርካሪ አለው። ይሰብሩታል።»

ተናደድኩ። ሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሁለተኛውን ምዕራፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። በጣም ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለውን የጻፍኩ ሴት ሌላ መጻፍ እንዴት ያቅተኛል አልኩ። ያን ምዕራፍ ጣልኩት። መሪማም በገዛ ብልሃቷ፣ ብቻዋን አመለጠች፤ ለቅሶው ቀርቶ ብርቱካኑ ገባ። በረዶው ቀልጦ ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ለዘይነብ እንደገና አነበብኩላት። «አሁን ላኪው» ብላ ቴምብሮቹን ራሷ ለጠፈች።

ከአምስቱ ወኪሎች ሦስቱ አልፈለጉትም፤ አንዱ መልስም አልሰጠኝ። አምስተኛዋ በበጋው መጀመሪያ ደውላ «ቀሪውን ላኪልኝ» አለች። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ጋሽ ታደሰ አንብበው «ያን ምዕራፍ ምን በላው?» አሉኝ። «የተሻለ ጻፍኩ» አልኳቸው። አላመኑኝም። የተሻለ ስለ መሆኑ እኔም እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ተጸጽቼ ግን አላውቅም።

ጀማሪ ደራሲ የሚፈራው የወኪሉን «አይሆንም» ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት መስማት የሚገባው ሌላ «አይሆንም» እንዳለ የተማርኩት ከዘይነብ ነው። ለልጅቷም ይህንኑ ነገርኳት።

«ያንቺስ መጽሐፍ ስለ ማን ነው?» አልኳት።

በአማርኛ «ስለ እናቴ» አለች። «ስዊድንኛ ማንበብ አትችልም።»

«እንግዲያው አንቺ በአማርኛ አንብቢላት።»

«አማርኛዬ እኮ ጎዶሎ ነው» አለች አፍራ።

«የጎደለውን እሷ ትሞላልሻለች» አልኳት።