ለዲንሾው ወፍጮ የያዝኩት ፒንሳ

ሰው አገሩን ጥሎ ሲወጣ በሌሊት ተደብቆ ነው ይባላል። እኔ ከድር ግን ከሮቤ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰማያዊ ቱታዬን ለብሼ፣ መንገደኛው ሁሉ ሰላም እያለኝ ነው። ሌሊቱን ምን አደረግክ ካላችሁኝ፣ ተኛሁ። በደንብ ነው የተኛሁት። እንቅልፍ ያጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጠዋት ለእህቴ ለራህማ «ዲንሾ ወፍጮ ተበላሽቷል፤ ሠርቼ ማታ እመለሳለሁ» አልኳት። ራህማ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እውነቱን ብነግራት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ደግሞ አልሄድም። ያኔ ሮቤ ውስጥ ያልፈታሁት ሞተር፣ ያልከፈትኩት ራዲዮ አልነበረም። አስተማሪ የሚባል አላየሁም፤ ፈትቼ መልሼ በመግጠም ብቻ የተማርኩ ሰው ነኝ። ትልቅ ከተማ ገብቼ ትልቅ ማሽን መፍታት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አሳምሬ ላወራላችሁ እችል ነበር፤ ግን ለእሷ የዋሸሁት ይበቃኛል።

ራህማ ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ፣ በጨርቅ ቋጠረችልኝ። የባሏን የሙስጠፋን ፒንሳ ከግድግዳው አውርዳ፣ «ያንተ ጥርሱ አልቋል፣ ይኼን ያዝ። ማታ ግን መልስ፣ ነገ ይፈልገዋል» አለችኝ።

አውቶቡሱ ዲንሾ ላይ ቆመ። እስከዚያ ድረስ ውሸቴ እውነት ነበር። የገብሱን ማሳ፣ መንገድ ዳር የቆሙትን ፈረሶች በመስኮት አየሁ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ዝም አልኩ። ሁለተኛ ጮኸ። አሁንም ዝም አልኩ።

ከዚያ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ሞያሌ፣ ከሞያሌ በከብት መኪና ላይ፣ አቧራው ጥርሴ ውስጥ እየተፈጨ። ጩኮው እስከ ማርሳቢት በቃኝ። የመጨረሻውን ጉርሻ ስውጥ ነው መሄዴ የገባኝ።

ናይሮቢ የመኖሪያ ወረቀት የሚሰጡበት ቢሮ ገባሁ። ሹሙ ፎርም አወጣ።

«ሙያ?»

«ሁሉንም።»

«ፎርሙ ላይ ‹ሁሉንም› የሚል የለም።»

«እንግዲያው ፎርሙ ነው የጎደለው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጠረጴዛው ላይ ማራገቢያ ነበር፤ አይዞርም። «ይኼን ትሠራለህ?» አለኝ። በሙስጠፋ ፒንሳ በአምስት ደቂቃ አዞርኩለት። እሱም «ማራገቢያ ጠጋኝ» ብሎ ጻፈብኝ። የዚህ አገር መንግሥት እስከ ዛሬ የሚያውቀኝ በዚሁ ነው።

አከራዬ ማማ ዋንጂሩ ደግሞ በወሩ መጣችብኝ።

«አንተ ሰው፣ ያከራየሁህ አንድ አምፖል ነው። ግቢውን ሁሉ ያበራኸው በምንድነው?»

«በዕውቀት።»

«ዕውቀትህ የኔ ቆጣሪ ላይ ነው የሚቆጥረው!»

ከተከራዮቿ መሃል ያላባረረችው እኔን ብቻ ነው። ውሃ መሳቢያዋን ማን ይሠራላታል? ኡጋሊ ያስለመደችኝም እሷ ናት። ኡጋሊ ማለት የኛ ገንፎ ነው፤ ግን መሃሉ ላይ ጉድጓድ የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቅዝቃዜውንም አትጠይቁኝ። ሐምሌ ሲገባ ናይሮቢዎች ኮት ደርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ የባሌው ተራራ ሳነቴ ላይ ንፋስ ገርፎት የሚያውቅ ሰው ምን ይላቸዋል? ይስቃል።

በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ «ፉንዲ ከድር» ይለኛል፤ ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው። ሽበት ሲወጣብኝ «ምዜ» ተጨመረበት፤ እሱም እንደ «አባባ» ነው። ሞተር ሳይክል ላይ አፍሪካን የሚዞሩ ፈረንጆች ስሜን ከድንበር ወዲያ ሰምተው ይመጣሉ። ይኼን ስል ጉራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ መጥቶ ይይ።

አንድ ሰው ብቻ አላደነቀኝም። ስልክ ሮቤ ከገባ ጀምሮ እደውላለሁ፤ የራህማ ልጅ ዘይነባ ታነሳለች። የእናቷ ወንድም ነኝና «ኤሱማ» ትለኛለች። «እናትሽን አቅርቢልኝ» ስላት ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ራህማ ከጓዳ ሆና ትናገራለች፣ እኔም እሰማታለሁ፦

«ድምፁን ምን አደርገዋለሁ? ማታ እመጣለሁ ብሏል። ራቱን ከድኜለታለሁ፤ ሲመጣ ይበላል።»

ሙስጠፋ ሞተ። አላህ ይዘንለት፤ ፒንሳው እጄ ላይ ነበር። ለምን አልተመለስክም ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ድንበር የሚያሻግር ወረቀት አልነበረኝም። ወረቀቱ ሲገኝ ደግሞ እፍረቱ ቀደመኝ። ማታ እመለሳለሁ ብሎ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት የቀረ ሰው በስንት ሰዓት ነው በር የሚያንኳኳው?

ዘንድሮ ነው እንግዲህ፣ ኢንግሪድ የምትባል ሆላንዳዊት ግራና ቀኙ ሳጥን የተጫነበት ትልቅ ሞተር እየገፋች ጋራዤ የመጣችው። ላብ በላብ ሆናለች።

«ምዜ ከድር እርስዎ ነዎት? ሞተሬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይለኛል።»

ኮርቻውን አነሳሁ። መንገድ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ጂፒኤሱ፣ በቀጥታ ባትሪው ላይ ታስሯል። ቁልፉ ቢዘጋም ባትሪውን ሲጠባ ያድራል።

«ማን ነው የገጠመልሽ?»

«እኔ ራሴ።»

«ያስታውቃል። ወዴት ነሽ?»

«ሞያሌ፣ ነገሌ፣ ዶሎ መና። ከዚያ ሳነቴን ወጥቼ ጎባና ሮቤ።»

«ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልነካሁም።

አገጣጠሜን ልንገራችሁ፣ እንድትማሩበት። አዎንታዊውን ሽቦ ከባትሪው ሳወጣ እዚያው አጠገቡ ፊውዝ አስገባሁ፤ እሳት ቢነሳ ከምንጩ ይቆረጥ ብዬ። ቀጥሎ ሪሌ፣ ማለትም ቁልፍ ሲበራ ብቻ መብራት የሚያሳልፍ በር። ሽቦውን በታንከሩ ሥር አሳልፌ ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው፣ ሙቀት አራቅሁት። ማያያዣውን በእርሳስ አልበየድኩም፤ የባሌ ኮረኮንች ብየዳ ይሰነጥቃል። በሙስጠፋ ፒንሳ ጨመቅሁት። መሪው አንገት ጋ ስደርስ ሽቦውን ላላ አድርጌ ተውኩት። ኢንግሪድ «ይኼ አልረዘመም?» አለች። «የጋሪ ፈረስ ነድተሽ ታውቂያለሽ? ልጓሙን አሳጥረሽ ካሰርሽው ይሄድልሻል፤ መዞር ግን አይችልም» አልኳት። መሪውን ግራም ቀኝም እስከ ጥጉ አዞርኩት። ሽቦው ተከተለ።

ቁልፉን አዞረች፤ ጂፒኤሱ በራ። አጠፋችው፤ ጠፋ። «ምዜ፣ እርስዎ አስማተኛ ነዎት» አለችኝ። አላስተባበልኩም።

ከዚያ ነው የለመንኳት፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልዬ «ሮቤ አንዲት እህት አለችኝ። ይኼን በእጇ ስጪልኝ» አልኳት።

«አድራሻዋ?»

«አድራሻ ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁ።» የሳተላይቱን ፎቶ ስልኳ ላይ ከፈትኩና ሮቤን ከሰማይ አየኋት። ዋናውን መንገድ፣ ወደ ጎሮ የሚወስደውን መገንጠያ፣ ከዚያ የደጃችንን ትልቁን ጽድና ሥሩ ያለውን ቆርቆሮ ቤት። አገኘሁት! ነጥቧን ምልክት አድርጌ ጂፒኤሱ ላይ «ቤት» ብዬ ጫንኩላት።

«ለማንኛውም ስሟን በወረቀት ይጻፉልኝ» አለች።

«ማሽኑ በር ድረስ ያደርስሻል፤ ስም አይፈልግም።»

«ምዜ፣ እባክዎ ይጻፉ።»

እየሳቅኩባት ጻፍኩላት፤ በአማርኛ፣ የአባታችንን ስም ጨምሬ።

ከሄደች በኋላ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። እጄ በየደቂቃው ፒንሳውን ይፈልጋል። ሌላ ፒንሳ አራት አለኝ፤ አንዱም ከመዳፌ ጋር አይስማማም። ከምንም በላይ የፈራሁት ራህማ «አልቀበልም» ብላ እንዳትመልሰው ነው። ከመለሰችው ሌላ የምልከው ነገር የለኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጁምዓ ሰላት ስመለስ ዘይነባ ደወለች። ሳቋ ቀደመ።

«ኤሱማ፣ ማሽንዎ እንግዳዋን የት እንዳደረሳት ያውቃሉ? የመምህራን መኖሪያ ፎቅ ጓሮ! ‹ደርሰዋል› አላት፤ ፊቷ ላይ ግንብ ብቻ ነው።»

«ጽዱስ?»

«የኛ ጽድ ከተቆረጠ ስንት ዓመቱ! እርስዎ ያዩት የሌላ ሰው ጽድ ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ፤ ሽቦው አልተበላሸም። የተበላሸው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ካርታ ነው።

«ታዲያ እንዴት አገኘቻችሁ?»

«ወረቀቱን ለባጃጅ ሹፌር አሳየችው። ሹፌሩ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ‹የትኛዋ ራህማ? ራህማ ብዙ ናት› ይላል። አንዱ ዳቦ ቤት ያላትን ነው ይላል። አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ጋሪያቸው ላይ ሆነው ሰሙና፣ ‹እናንተ ደግሞ! ወንድሟ ዲንሾ የቀረባት ራህማ ናታ!› አሉ። ያኔ ሁሉም አወቀ። ጋሪው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ በራችን ድረስ አመጧት።»

ወንድሟ ዲንሾ የቀረባት ራህማ። እኔ ናይሮቢን በፒንሳ ያስጨበጨብኩ ሰው፣ በአገሬ ስሜ ይኼ ነው። እሷም ስንት ዓመት በዚህ ስም ስትጠራ ኖራለች።

«ፒንሳውን ተቀበለች?» አልኩ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ነጠላ ሲነካው ተሰማኝ።

«ከድር።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ፒንሳው ደርሷል። እጀታው አልቋል።»

«ብዙ ሠራሁበት።»

ትንፋሿን ሰማሁት። አርጅታለች፤ ትንፋሽ እንደ ድምፅ አይደብቅም።

«የዲንሾው ወፍጮ ተሠራ?»

መልስ አጥቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ሹም ጠይቆኝ፣ አከራይ ጠይቃኝ፣ ፈረንጅ ጠይቆኝ መልሻለሁ።

«ገና ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ቶሎ ጨርሰህ ና። ይመሽብሃል።»

ስልኩን አልዘጋችውም። ከጀርባዋ፣ በመንገዱ፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ሲያልፍ ይሰማኛል። እኔም አልዘጋሁትም።